ስለ አንድ ግንበኛ የዕቃ ሣጥን

በየቤታችን፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከጓዳ ጥግ፣ የአባት ወይም የአያት የነበረ አንድ የዕቃ ሣጥን አይታጣም። ክዳኑ ሲከፈት የዝገትና የአሮጌ ዘይት ሽታ ይወጣል፤ በውስጡ ያለውን ዕቃ ግን በየስሙ ጠርቶ የሚያስረዳ ሰው ብዙ ጊዜ በቤቱ አይገኝም። ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ደግሞ ዋጋውም አይታወቅምና «ቆራሌው!» እያለ በሰፈር የሚዞረው ገዢ ብቅ ባለ ጊዜ በኪሎ ተመዝኖ ይሄዳል። ዛሬ ለተከበሩ አንባብያን የምናቀርበው ምክር የአርማታንና የሲሚንቶን ፊት ለማበጀት ስለሚያገለግሉ የቆዩ የእጅ መሣሪያዎች ነው፤ ይኸውም እንዴት ተለይተው እንደሚታወቁና እንዴት እንደሚሠራባቸው ለማስረዳት ነው። ይህን ነገር የመረጥነው የግንብ ሥራ ዐዋቂዎች ስለ ሆን አይደለም፤ ባለማወቃችን በሌላ ሰው ንብረት ላይ ጉዳት ለማድረስ ጥቂት ቀርቶን ስለ ነበረ ነው እንጂ።

ነገሩም እንዲህ ነበረ። ጸሐፊ ሆነን በምንሠራበት ፍርድ ቤት አንድ የውርስ ጉዳይ ቀርቦ፣ የንብረቱን ዝርዝር ለመጻፍ ከውርስ አጣሪው ጋራ ወደ ሟቹ ቤት ሄድን። ሟቹ ዕድሜያቸውን ሁሉ በግንብ ሥራ ያሳለፉ ሰው ሲሆኑ፣ የተረፉት ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው ናቸው። አጣሪው ዕቃውን እየጠራ፣ እኛም እየጻፍን፣ ከቁም ሣጥኑ እስከ ድስቱ ድረስ ሁሉም በየተራው ተመዘገበ። ከዕቃው ሣጥን በደረስን ጊዜ ግን አጣሪው ዝም አለ፤ እኛም የምንጽፈው ጠፋን። በመጨረሻ «ልዩ ልዩ አሮጌ ብረታ ብረት፤ አንድ ሣጥን» ብለን ጻፍን። ታላቁ ልጅ ለቆራሌ ተሸጦ ገንዘቡን እንካፈል አለ፤ እኅቱም ተስማማች። ከአባቱ ጋራ ይሠራ የነበረው ትንሹ ልጅ አንገቱን ደፋ። እናታቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ምንም ቃል አልተናገሩም።

በዚያን ጊዜ ለምስክርነት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የሟቹ የሥራ ባልንጀራ የነበሩ፣ ወደ እኛ ጠጋ ብለው «ጸሐፊ፣ ምን ብለው ጻፉት?» ሲሉ ጠየቁን። አነበብንላቸው። «እኔ የእርስዎን ብዕር ‹አንድ ቁራጭ ቀፎ› ብዬ ብጽፈው ደስ ይልዎታልን?» አሉ። እጅግ አፈርን። «እንግዲያውስ አባቴ፣ እርስዎ ስማቸውን ይንገሩንና እንደገና እንጻፍ» ብለን ለመንናቸው። እርሳቸውም በደጃፉ ጆንያ አስነጥፈው ዕቃውን አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር። ከዚህ በታች ያለው ከእርሳቸው አፍ የሰማነውና በኋላም እኛ መርምረን የጨመርንበት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ዕድሜ ጥቂት እንበል። ዛሬ የምንሠራበት ሲሚንቶ «ፖርትላንድ» የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል የእንግሊዝ አገር ግንበኛ በ1824 ዓ.ም. የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የአርማታ ጐዳና የተሠራው በ1891 ዓ.ም. በኦሃዮ፣ ቤልፎንቴን በምትባል ከተማ ነበረ። በአገራችንም ሙያው በምን በር እንደ ገባ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ሲሚንቶ፣ አርማታ፣ ሊሾ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸውና፤ አርማታ ማለት «የታጠቀ» ሲሆን ይኸውም ብረት የታጠቀ ማለት ነው፤ ሊሾም «ልስልስ» ማለት ነው። እንግዲህ ሙያው ከድንጋይ ጠራቢና ከልስን ሠሪ የተወለደ ስለ ሆነ፣ መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ፤ ያልተማረ ዓይንም በቶሎ አይለያቸውም።

ሽማግሌው ያስተማሩን የመለየት ዘዴ በሦስት ጥያቄ የቆመ ነው። መጀመሪያ መልኩ ምን ይመስላል? ሁለተኛ ከምን ተሠራ? ሦስተኛ የቱ በኩል ተበልቷል? ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። መሣሪያ እንደ ጫማ ነውና የባለቤቱን አረማመድ በራሱ ላይ ይጽፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የወጣው ሹል አፍ ያለው የግንበኛ ማንኪያ ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ነገር ግን ጭቃና ሲሚንቶ ለመጫንና ለመሙላት እንጂ ፊት ለማለስለስ አይሆንም። ቀጥሎ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ቀጭን ብረትና ከላዩ የእንጨት እጀታ ያለው ማለስለሻ ወጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የልስን ሠሪ ማለስለሻ አጠርና ሰፋ ያለ ሲሆን፣ ርዝመቱ 28፣ ወርዱም 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የወለል ማለስለሻ ግን ረዘምና ጠበብ ያለ ነው፤ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱም ከ35 እስከ 50 ይደርሳል፤ በጀርባውም ላይ ረጅም አከርካሪ በብዙ ትንንሽ ምስማር ተጣብቆበታል። ሽማግሌው ብረቱን በጥፍራቸው መታ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «በሕይወት አለ» አሉ። ምስማሩ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ቢሆን ድምፁ ይታፈናልና።

ከነዚህ ማለስለሻዎች አንዱ ወርዱ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር የጠበበ፣ ማዕዘኖቹም የተድቦለቦሉ ነበረ። ታላቁ ልጅ «ይህስ ያለቀለት ነው» አለ። ሽማግሌው ግን ከሁሉ የከበረው እርሱ መሆኑን ነገሩን። አዲስ ማለስለሻ ጠርዙ ስለታምና ማዕዘኑ ሹል ስለ ሆነ ወለሉን እየቧጨረ መስመር ይተዋል፤ በብዙ ዓመት ሥራ የተገራው ግን ጠርዙ ለዝቦ፣ ብረቱም ጥቂት ተለምጦ፣ በመጨረሻው ማለስለስ ላይ ያለ ጠባሳ ያልፋል። ስለዚህ ቆራሌው የሚመዝነው ብረት ሲቀንስ፣ የግንበኛው ትርፍ ይጨምራል ማለት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ማሺያ ነው። ይህም ከወፍራም ጣውላ የተሠራ፣ እጀታ ያለው፣ ሥሩ ሸካራ የሆነ መሣሪያ ሲሆን፣ የአርማታውን ፊት እያሸ ጠጠሩን ወደ ታች የሚያሰጥምና የሲሚንቶውን ጭማቂ ወደ ላይ የሚያወጣ ነው። ከእንጨቱ በኋላ የመጣ የብረት መልክ ያለው ማሺያም አለ፤ ማግኒዚየም ከሚባል እጅግ ቀላል ማዕድን የተሠራ ነው። ይህን ከማለስለሻ ጋራ ማደናገር ቀላል ስለ ሆነ ምልክቱን እንንገር። ማሺያው ወፍራምና ግትር ነው፤ ማለስለሻው ቀጭንና የሚለመጥ ነው። ማሺያው በእጅ ሲያነሡት ከመጠኑ ይልቅ ይቀላል፤ ማግኔት ቢያስጠጉበትም አይስብም።

አራተኛውና አምስተኛው መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም ከመዳፍ ጥቂት የሚበልጥ ሰሌዳና እጀታ አላቸው። ሰሌዳው በአንድ ወገኑ ወደ ታች የታጠፈ ከንፈር ካለው ጠርዝ ማበጃ ነው፤ የወለሉን ወይም የደረጃውን ጠርዝ ድቡልቡል አድርጎ እንዳይሸረፍ ይጠብቀዋል። ከንፈሩ በጠርዙ ላይ ሳይሆን በሰሌዳው መካከል እንደ ዓሣ አከርካሪ ወደ ታች የወጣ ከሆነ ግን ቦይ ማውጫ ነው፤ በወለሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይቀዳል። እነዚህ መሣሪያዎች አንዳንድ ጊዜ ከናስ ወይም ከነሐስ፣ አንዳንድ ጊዜም ከብረት ይሠራሉ። ናሱን ማግኔት አይስበውም፤ ዝገት ሳይሆን አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ሽፋን ይይዛል። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ግን ተሰባሪ ስለ ሆነ ተጣመመ ብለው በመዶሻ እንዳይመቱት ይሁን።

በሌላ አገር ሣጥን ውስጥ የሚገኝ አንድ ዕቃም እንጥቀስ፤ ለእኛ ለጸሐፊዎች ደስ የሚያሰኝ ነውና። በአሜሪካ፣ በተለይም እንደ ኦክላንድና በርክሊ ባሉ ከተሞች፣ ሠሪዎች የእግረኛውን መንገድ ሲጨርሱ ስማቸውንና ዓመቱን በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ያትሙ ነበር። ስለዚህ ፊደሉ ወደ ኋላ የተገለበጠ የብረት ሰሌዳ ያገኘ ሰው፣ የያዘው የግንበኛ ማኅተም መሆኑን ይወቅ። ከዚህ ማኅተም የታተመው ስም በአንዳንድ ስፍራ ከሠሪው ዕድሜ ይልቅ ቆይቶ ዛሬም ይነበባል።

ከማለስለሻዎቹ የአንዱ ዝገት በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ «ማርሻልታውን» የሚል የላቲን ጽሕፈት ወጣ። ይህ በአሜሪካ በአዮዋ በምትገኝ በዚሁ ስም በምትጠራ ከተማ በ1890 ዓ.ም. የተጀመረ የመሣሪያ ፋብሪካ ስም ነው። ሟቹ በመንገድ ሥራ ከውጭ አገር ሰዎች ጋራ ሲሠሩ ያገኙት መሆኑን ሽማግሌው ያስታውሳሉ። ነገር ግን አንባቢ ይህን ይጠንቀቅ፦ ፋብሪካው ዛሬም የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ስሙ ብቻውን የዕቃውን ዕድሜ አያስረዳም። የእጀታው እንጨት፣ የምስማሩ አመታትና የአበላሉ መልክ አብረው መመርመር አለባቸው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስምን ነው። አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ፤ ቁም ነገሩ በዚህ ላይ ነውና። ሽማግሌው ዕቃውን በጆንያው ላይ የደረደሩት በመጠኑ ወይም በዋጋው አልነበረም፤ በሰዓቱ ነበር እንጂ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ አርማታው ከፈሰሰበት ደቂቃ እስከሚደርቅበት ድረስ፣ እያንዳንዱ በየተራው ተቀመጠ። «መሣሪያ ሁሉ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱን ያለፈ ወይም የቀደመ መሣሪያ ወለል ያበላሻል» አሉን።

ሰዓቱም እንደዚህ ነው። አርማታው እንደ ፈሰሰ ቀጥ ባለ ማስተካከያ ጣውላ ተስቦ እኩል ይደረጋል። ወዲያውኑ ሁለት እጀታ ያለው፣ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ረጅም መደልደያ ጉብታውን እየጣለ ጕድጓዱን እየሞላ ያልፍበታል። ይህ ሁሉ ውሃው ወደ ላይ ሳይወጣ መጨረስ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። ጠጠሩና አሸዋው እየከበደ ወደ ታች ሲረጋ፣ ውሃው ወደ ፊቱ ይወጣና እንደ መስተዋት ያበራል። በዚህ ጊዜ ማለስለሻ የሚያነሣ ሰው ውሃውን ከሥር ይዘጋበታል፤ የተዘጋውም ውሃ የላይኛውን ሽፋን ደካማ ያደርገዋል። ወለሉ ለጊዜው ያምራል፤ ውሎ አድሮ ግን እንደ አረፋ ያብጣል፣ ይላጣል፣ በተጠረገም ቍጥር ዱቄት ይሰጣል። ውሃውን ለማድረቅ ደረቅ ሲሚንቶ መነስነስም ያው ጥፋት ነው።

ይህን ሲናገሩ ታላቁ ልጅ ወደ እናቱ ክፍል ወለል ተመለከተ፤ እኛም አየን። አባቱ በታመሙበት ወራት እርሱ ራሱ ለእናቱ ያሠራው ሊሾ ነበረ። በአንድ ቀን እንዲያልቅ ሠሪዎቹን አስቸኩሎ፣ ውሃው ሳይመጥ አስለስሎት፣ ከላዩም ሲሚንቶ አስነስንሶበት ነበር። አሁን ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል፤ እናቱም በየጧቱ ሲጠርጉ አቧራው ያስላቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በዚህ ደርሶ አየን።

እንግዲህ የሚጠበቀው እስከ መቼ ነው? በሰዓት ቈጥሮ መናገር አይቻልም፤ ፀሐይ፣ ነፋስና የአርማታው ውፍረት ይለዋውጡታልና። ምልክቱ የታወቀ ነው። የውሃው ብልጭታ ጠፍቶ ፊቱ ይፈዛል፤ ሰውም ቢቆምበት የእግሩ ዱካ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ብቻ ይሰምጣል። ያን ጊዜ በጠርዙ በኩል አርማታውን ከመያዣው ጣውላ በማንኪያ ሹል ለይቶ ጠርዝ ማበጃውን ማስኬድ፣ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድሞም ቦይ ማውጫውን መሳብ ይገባል። ቦዩ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አርማታ ሲደርቅ ስለሚኮማተር መሰንጠቁ አይቀርምና፣ ስንጥቁ በምንፈልገው መስመር እንዲሄድ መንገድ መስጠት ነው። ስለዚህም የቦዩ ጥልቀት ከወለሉ ውፍረት አንድ አራተኛ ማነስ የለበትም፤ 10 ሳንቲ ሜትር ለሚወፍር ወለል 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። በቦይና በቦይ መካከልም ለዚህ ውፍረት ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ይበቃል። ብዙዎቹ አሮጌ ቦይ ማውጫዎች ከዚህ ያነሰ ስለሚቀዱ፣ አጥንቱን በመለኪያ ሳያዩ አይመኩበት።

ቀጥሎ የእንጨቱ ማሺያ ክብ ክብ እየተደረገ ይታሻል። ከውጭ ያለ ወለልና ደረጃ ከሆነ በዚሁ ይቁም፤ ወይም በመጥረጊያ ቀስ ብሎ ይጫር። በብረት የለሰለሰ ሲሚንቶ ዝናብ ሲነካው ሽማግሌና ሕፃን ይጥላልና። ለቤት ውስጥ ወለል ግን በመጨረሻ የብረቱ ማለስለሻ ይመጣል። መጀመሪያ ትልቁን አስተኝቶ፣ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ አነስተኛውንና የተገራውን ጠርዙን ጥቂት ቀና አድርጎ እየተጫኑ መሳብ ነው። ወለሉ በደረሰ ጊዜ ብረቱ ሲንሸራተት ድምፁ ይለወጣል፤ ከመታሸት ወደ መጮኽ ይሄዳል። ዐዋቂ ግንበኛ ሥራው ማለቁን በጆሮው ይሰማል።

ከዚህም በኋላ ወለሉን እስከ 7 ቀን ሳያደርቁ በውሃ ማራስ ወይም በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋራ በመዋሐድ ነውና።

አሮጌ መሣሪያ ያገኘ ሰው እንዴት ያጽዳው? የደረቀውን ሲሚንቶ ጥቂት ጊዜ በኮምጣጤ አርሶ በእንጨት መፋቅ፣ ዝገቱንም በዘይት በተነከረ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። በኤሌክትሪክ መፍጫ መሞረድ ብረቱን ያሳሳል፣ የፋብሪካውንም ምልክት ያጠፋል። እጀታው የተልባ ዘይት ይጠጣ። በደረቁ መፋቅም አይገባም፤ የሲሚንቶና የአሸዋ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል። እርጥብ ሲሚንቶም እንደ አመድ ውሃ፣ ነገር ግን እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ቆዳ ይበላል፤ መጀመሪያ ሳያምም ቈይቶ ያቈስላል። ስለዚህ ጓንት ማድረግ፣ በጉልበት ሥርም ጣውላ ማንጠፍ፣ የነካውንም ሰውነት ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብ ግድ ነው።

በዚያ ቀን የመጀመሪያውን ዝርዝር ሰርዘን እንደገና ጻፍን። «የወለል ማለስለሻ 3፤ የልስን ማለስለሻ 1፤ የእንጨት ማሺያ 2፤ የማግኒዚየም ማሺያ 1፤ ጠርዝ ማበጃ 2፣ አንዱ የናስ፤ ቦይ ማውጫ 1፤ የግንበኛ ማንኪያ 2፤ ከሣጥኑ ኋላ በግድግዳ ተደግፎ የተገኘ ረጅም መደልደያ 1።» ይህ መደልደያ ለማገዶ ሊፈለጥ የታሰበ ነበረ። ሽማግሌውም ለእያንዳንዱ ዋጋ ሰጡ፤ ድምሩ ቆራሌው ከሚከፍለው ጋራ የሚወዳደር አልነበረም። ትንሹ ልጅ መሣሪያዎቹ በድርሻው እንዲቈጠሩለት ጠየቀ፤ በምትኩም ከሌላው ዕቃ ድርሻውን ለወንድሙና ለእኅቱ ተወ። ሦስቱም ፈረሙ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለቀረው ፊርማ ተመልሰን በሄድን ጊዜ፣ የእናትየው ክፍል ደካማው ሽፋን ተፍቆ፣ ሥሩ ተጠርቦና ርሶ፣ አዲስ ሊሾ ፈስሶበት አገኘነው። ትንሹ ልጅ ሠርቶት ሽማግሌው በበርጩማ ተቀምጠው አስጠብቀውታል፤ ታላቁ ወንድሙም ውሃ ሲያመላልስ ውሏል። እናትየው እርጥቡን ጆንያ ገለጥ አድርገው አሳዩንና «አባቱ የሠራው ይመስላል» አሉ።

እኛም ከዚያ ወዲህ በዝርዝር ላይ «ልዩ ልዩ» የሚለውን ቃል ከመጻፋችን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን። አንባብያንም የቆራሌው ድምፅ በተሰማ ጊዜ፣ የቤቱን ሣጥን ከማውጣታቸው በፊት በሰፈራቸው ያለውን አንድ አሮጌ ግንበኛ ጠርተው ቡና እንዲያጠጡት እንመክራለን።